ዐይን በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ስለ ትራኮማ በሽታ ምርመራ፥ ሕክምናና የአስተዳደር ኀላፊነት

በገበያ መግቢያ፥ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፥ ትንሽ ልጇ በበትር የምትመራት ዐይነ ስውር እናት ባየን ጊዜ፥ ብዙዎቻችን የምናስበው ችግሩ ድንገት የወረደባት፥ ሰውም ሊመልሰው የማይችል ዕጣ መሆኑን ነው። ሳንቲም ሰጥተን እናልፋለን። ነገር ግን በኢትዮጵያ ገጠር የብዙ ሰው ዐይን ያጠፋው ትራኮማ፥ በተለምዶ የዐይን ማዝ የሚባለው በሽታ፥ ሥራውን በአንድ ቀን የሚፈጽም አይደለም። በሕፃንነት ይጀምራል፤ እየተመላለሰ ዐሥርና ሃያ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጃል፤ ብርሃንን የሚነጥቀው በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ይህ ረጅም ዘመን ለበሽታው እንደ ተሰጠ ሁሉ ለእኛም የተሰጠ ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይህ ጊዜ እንዴት እንደሚባክን፥ እንዴትስ ሊሠራበት እንደሚገባ ለአስተዳዳሪዎችና ለነጋዴዎች ለማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ትራኮማ የሚለው ስም የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን፥ መሠረቱ ሸካራ ማለት ነው። ስሙ የተሰጠበትም ምክንያት የበሽተኛው የዐይን ቆብ ከውስጥ በኩል ሲታይ ሸካራ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። በ1907 ዓ.ም. በጃቫ ደሴት የሠሩ ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ከታመመ ዐይን በተወሰደ ናሙና ውስጥ የበሽታውን ምልክት በማጕያ መነጽር አይተው ገለጹ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ታንግ ፌይፋን የተባሉት ቻይናዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ በሽታውን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሕዋስ ጫጩት ባለበት ዕንቍላል ውስጥ አሳድገው ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። ይህ ተሕዋስ ዛሬ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ይባላል።

ተሕዋሱ ከአንዱ ዐይን ወደ ሌላው የሚጓዘው በዐይንና በአፍንጫ ፈሳሽ ነው። መንገዱም ሦስት ነው። የመጀመሪያው እጅ ነው፤ ሁለተኛው ጨርቅ ነው፤ ይኸውም እናት በነጠላዋ ጫፍ የአንዱን ልጅ ፊት ጠርጋ በዚያው ጫፍ የሁለተኛውን ስትጠርግ፥ ወይም ልጆች በአንድ ልብስ ተጠቅልለው ሲተኙ ማለት ነው። ሦስተኛው ዝንብ ነው። ከሕፃናት ዐይን የማይጠፋው ይህ የዝንብ ዐይነት በተለይ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው። ስለዚህ የመጸዳጃ ጕድጓድ ጕዳይና የዐይን ሕክምና ጕዳይ የተለያዩ ቢመስሉም፥ በእውነቱ የአንድ ሥራ ሁለት ፊቶች ናቸው።

የበሽታው አካሄድ እንደዚህ ነው። ሕፃኑ አንድ ጊዜ ቢታመም ዐይኑ ይቀላል፥ ያለቅሳል፥ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ከዚያም ሊድን ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቤትና በአንድ መንደር በሽታው እየተመላለሰ ሲይዘው፥ የላይኛው የዐይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ይቈስልና ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው በዓመታት ብዛት እየተኰማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚህ ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ፥ ሰውዬው ዐይኑን በጨፈነና በከፈተ ቍጥር የዐይኑን ግልጽ ሽፋን ይፍቀዋል። ሕመሙ በዐይን ውስጥ አሸዋ ይዞ እንደ መኖር ነው። በመጨረሻ ግልጹ ሽፋን ይቈስላል፥ ነጭ ጠባሳም ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ የጠፋውን ብርሃን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ምርመራው ምን ይጠይቃል? ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በቂ ብርሃን፥ ትንሽ ማጕያ መነጽርና የሠለጠነ እጅ ይበቃል። መርማሪው የላይኛውን የዐይን ቆብ ገልብጦ ውስጡን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ዓ.ም. ባወጣው ቀላል ደንብ መሠረት፥ የሚፈለጉት ምልክቶች ዐምስት ናቸው። በቆቡ ውስጠኛ ገጽ መካከል እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ዐምስት ወይም የበለጡ ነጫጭ ጕብታዎች ቢገኙ፥ ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ሁለተኛው ቆቡ ከመቅላቱና ከማበጡ የተነሣ የደም ሥሮቹ ተሸፍነው መታየታቸው ነው። ሦስተኛው ነጭ የጠባሳ መስመር ነው። አራተኛው ቢያንስ አንድ የሽፋሽፍት ጠጕር ተቀልብሶ ዐይንን መንካቱ ነው። ዐምስተኛው በዐይኑ ብሌን ፊት የወጣ ነጭ ጠባሳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዛት የሚገኙት በሕፃናት ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዐዋቂዎች ላይ ነው። በዚህ ደንብ የሠለጠነ ነርስ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ተቀምጦ የብዙ ሕፃናትን ዐይን በአንድ ቀን ሊመረምር ይችላል።

ይሁን እንጂ ቀይ ዐይን ሁሉ ትራኮማ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ዐቧራና የአበባ ብናኝ የሚያስነሡት የሚያሳክክ የዐይን ሕመም አለ፤ እርሱም በቆቡ ውስጥ ጕብታ ሊያወጣ ይችላል። በሽማግሌዎች ዘንድ የሚበዛው የዐይን ሞራ ግርዶሽ ደግሞ ብሌኑን ከውስጥ ያነጣዋል፤ ሕመም ግን የለውም፤ ፈውሱም ሌላ ዐይነት ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ ሰው ከሱቅ ያገኘውን የዐይን ጠብታ ሁሉ በግምት እንዳይጠቀም ሊመከር ይገባዋል። ይልቁንም ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች መቅላቱን ለጊዜው አጥፍተው ሲያስደስቱ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ቢወሰዱ የዐይንን ግፊት ጨምረው ማየትን እስከ ማጥፋት ይደርሳሉ። መድኃኒት የሚሸጡ ነጋዴዎቻችን ይህን ነገር በቸልታ እንዳያልፉት አደራ እንላለን።

የጕዳቱን መጠን ለመረዳት በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. የተደረገውን አገር አቀፍ ጥናት መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ጥናት ከሕዝቡ መቶ እጅ 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከዐይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉ የዐይን ሞራ ሲሆን፥ ከመቶ 11.5 የሚሆነው በትራኮማ የመጣ ጠባሳ ነበር። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 40 ያህሉ በሥራ ላይ ያለ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ግን ቍጥሩ ከመቶ 60 ይበልጥ ነበር። ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸውም ሰዎች በአገሩ ሁሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገመተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ሆኖም በዓለም ላይ ትራኮማ በሚያሰጋው አካባቢ ከሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛሬም የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው።

ለዚህ በሽታ የተዘጋጀው መድኅን አራት ክፍል አለው። የአራቱ ሥራዎች ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲያያዙ «ሴፍ» የሚል ቃል ይሰጣሉ፤ ትርጕሙም ከአደጋ የተጠበቀ ማለት ነው። አንደኛው የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቃናት ነው። ሁለተኛው ተሕዋሱን በመድኃኒት መግደል ነው። ሦስተኛው የፊት ንጽሕና ነው። አራተኛው የአካባቢ መሻሻል፥ ማለት ውሃና መጸዳጃ ነው። በ1996 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የተቋቋመው ማኅበር ትራኮማን በ2020 ዓ.ም. ከሕዝብ ጤና ችግርነት ለማስወጣት ዐቀደ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ1998 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ መንግሥታት እንዲነሡ ወሰነ። ያ ዓመት ዐላማው ሳይሞላ አለፈ፤ አዲሱ ቀጠሮ 2030 ዓ.ም. ሆኗል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቀዶ ጥገናው እንናገር። ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበት ሰው ወረንጦ ይዞ ጠጕሩን እየነቀለ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ጠጕሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ተሰብሮ የቀረው ጕቶም ከፊተኛው ይልቅ ይወጋል። ቀዶ ጥገናው የሚደረገው ቆቡን ብቻ በማደንዘዝ ነው፤ ረጅም ሰዓት አይወስድም፤ በሽተኛውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ለዚሁ ተብለው የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል። ነገር ግን የቀዶ ጥገናው ብዛት ብቻ ተቈጥሮ ጥራቱ ሊዘነጋ አይገባም። በአማራ ክልል 1000 በሽተኞች የተካፈሉበትና በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ሁለት የአሠራር ዘዴዎችን አወዳድሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ የቆቡን ሙሉ ውፍረት በሚቈርጠው ዘዴ ከታከሙት ከመቶ 22 ያህሉ ሽፋሽፍታቸው እንደ ገና ተቀለበሰ፤ የውስጡን ክፍል ብቻ በሚቈርጠው ዘዴ ከታከሙት ግን ይህ የደረሰባቸው ከመቶ 13 ያህሉ ናቸው። እንግዲህ አንድ አስተዳዳሪ «በዚህ ዘመቻ ስንት ሰው ታከመ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «ባለፈው ዓመት ከታከሙት ስንቱ ደኅና ነው?» ብሎ መጠየቅን እንዳይረሳ ያስፈልጋል። የመንደር ሰው ጎረቤቱ ታክማ እንደ ገና ስትሠቃይ ካየ፥ ሁለተኛ ለሕክምና አይመጣምና።

ስለ መድኃኒቱም እንመልከት። አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሲሆን፥ ለሕፃናት መጠኑ የሚወሰነው በቁመታቸው ነው። ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ለ6 ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። በአንድ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከመቶ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሕመሙ ከተገኘባቸው፥ መድኃኒቱ የሚታደለው ለበሽተኞች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለመላው ሕዝብ ይሆናል። መድኃኒቱን የሚሠራው ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ኀይሉም ታላቅ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው ጥናት፥ በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ተሕዋሱ የሚገኝባቸው ሕፃናት ከመቶ 42 ያህል የነበሩት በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 2 ያህል ወረዱ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ይፈለጋል? የሚያሳዝነው ግን ቀጥሎ የታየው ነው። ጥናቱ ሲቀጥል መድኃኒቱ እንዲቆም በተደረገባቸው መንደሮች ተሕዋሱ ተመልሶ መብዛት ጀመረ። ምክንያቱም ዝንቡ፥ ያልታጠበው ፊትና የውሃው ርቀት እንደ ነበሩ ናቸው።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያስ ውሃ ይውጣና ነገሩ ይለቅ» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ከዚህም ይጠልቃል። በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች ላይ ተካሂዶ በ2022 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ነበር። በግማሾቹ መንደሮች የውሃ ነጥብ ተሠራ፥ ሳሙና ታደለ፥ የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመረመር፥ ተሕዋሱ የተገኘባቸው ሕፃናት ብዛት ይህ ሁሉ ካልተደረገላቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር የጐላ ልዩነት አልታየበትም። ከዚህ ተነሥቶ ውሃና ሳሙና አይጠቅሙም ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። አውሮጳና ሰሜን አሜሪካ ይህ በሽታ በብዛት የነበረባቸው አገሮች ናቸው፤ በዚያ የጠፋውም በዋነኛነት የሕዝቡ ኑሮ፥ መኖሪያውና ንጽሕናው በትውልድ መካከል ስለ ተሻሻለ ነው። ከዋግ ኽምራ የምንማረው የአንድ ቤተ ሰብ ልማድ በሦስት ዓመት እንደማይለወጥ፥ ጥቂት ውሃም ከሩቅ ተሸክማ የምታመጣ እናት ለመጠጥና ለወጥ ካዋለችው በኋላ ለልጆቿ ፊት የሚተርፋት አነስተኛ መሆኑን ነው። መድኃኒቱ ፈጣን ነው፥ ነገር ግን አይዘልቅም፤ ውሃው ይዘልቃል፥ ነገር ግን ፈጣን አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቋርጥ የያዘ አስተዳደር ብቻ ፍሬ ያገኛል።

ይህም የሕልም ነገር አለመሆኑን ሌሎች አገሮች አስመስክረዋል። ከባሕሩ ማዶ ያለችው ዑማን በ2012 ዓ.ም. ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወጣቷ ከዓለም አገሮች ሁሉ አስቀድሞ ተረጋገጠላት። ሞሮኮ በ2016 ዓ.ም.፥ ጋና በ2018 ዓ.ም. ተከተሉ። በዓለም ላይ በ2002 ዓ.ም. በበሽታው አስጊ አካባቢ ይኖር የነበረው ሕዝብ 1500 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፥ በ2024 ዓ.ም. ወደ 103 ሚሊዮን ወርዷል። ይህን ማዕርግ ለማግኘት የሚጠየቀውም የታወቀ ነው፤ ሕመሙ የሚገኝባቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ከመቶ 5 በታች፥ ሕክምና ሳያገኙ ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው ከ15 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ ከ1000 ሰው 2 በታች መሆን አለባቸው።

በኢትዮጵያ ግን ሥራው በሁለት ወገን ተሰናክሏል። ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት በሰሜን የተደረገው ጦርነት፥ ከዚያም በ2023 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት፥ በሽታው በሚበዛበት አገር ጤና ጣቢያዎችን ጐድቷል፥ የሠለጠኑትንም ሰዎች በትኗል። ሁለተኛም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ መሥሪያ ቤቱን በ2025 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ ለመድኃኒት እደላና ለጥናት ይውል ከነበረው ገንዘብ አንዱ ምንጭ ደረቀ። ነጻ መድኃኒት እንኳ ከወደብ እስከ ቀበሌ የሚያደርሰው መኪና፥ ነዳጅና የቀን አበል ይጠይቃል። የሌላ ሰው ቸርነት ሥራን ያስጀምራል፤ ሥራን የሚያዘልቀው ግን የገዛ በጀት መሆኑን ይህ ዘመን በግልጽ አስተምሮናል።

ነጋዴዎቻችን «ይህ የመንግሥትና የሐኪሞች ጕዳይ ነው» እንዳይሉ ጥቂት ሒሳብ እንጨምር። በትራኮማ ምክንያት ከሚመጣው የማየት ጕድለት የተነሣ ዓለም በሥራ መጓደል በየዓመቱ የሚያጣው ገንዘብ ከ2.9 እስከ 5.3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በገጠር የማያይ ገበሬ አያርስም፤ የማታይ ሴት አትፈትልም፥ ገበያም አትወጣም። ያልታረሰ መሬት እህል ወደ መጋዘን አያመጣም፤ ገንዘብ የሌለው ቤተ ሰብም ሳሙናም ሆነ አቡጀዲ አይገዛም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለንግድ ሰው ከማንም ይልቅ ይገባዋል።

ስለዚህ አስተዳዳሪው በየዓመቱ ሦስት ቍጥሮችን በጽሑፍ እንዲጠይቅ እንመክራለን። አንደኛ፥ በወረዳው ካሉት የውሃ ነጥቦች ዛሬ ውሃ የሚሰጡት ስንት ናቸው? የተመረቁት ስንት እንደሆኑ ማወቅ አይበቃምና። ሁለተኛ፥ በየቀበሌው ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸው ሰዎች በስም ተመዝግበዋል ወይ? ካልታከሙትስ መካከል በፍርሃት የቀሩት ስንት፥ በመንገድ ርቀት የቀሩት ስንት ናቸው? ሦስተኛ፥ የሕፃናቱ ዐይን ቆባቸው ተገልብጦ የታየው መቼ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ወጪ የላቸውም፤ መልስ ሲጠፋላቸው ግን ሥራው የት እንደ ቆመ ወዲያው ይታወቃል። ነጋዴውም በበኩሉ ለአንድ ትምህርት ቤት በርሜልና ሳሙና፥ ለአንድ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ ዕቃ ቢያቀርብ፥ ከብዙ ቀን ምጽዋት ይልቅ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ይህ በሽታ ሴቶችን ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ በሚደርስ መጠን ዐይነ ስውር እንደሚያደርግ መታወቅ አለበት። ምክንያቱ እናት ከሕፃናት ጋር ስለምትውል፥ የልጆቿንም ሕመም ደጋግማ ስለምትቀበል ነው። እናት ዐይኗ በጠፋ ጊዜም ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥታ በትር የምትይዘው ሴት ልጇ ናት። እንደዚህ ሆኖ አንድ ቆብ በጊዜው ሳይታይ በመቅረቱ ሁለት ሰው ይጐዳል። በመግቢያችን ላይ ያየናት እናት ሕፃን ሳለች የዐይኗን ቆብ ገልብጦ ያያት ሰው ቢኖር ኖሮ፥ ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ወረንጦ ይዛ ስትቀመጥ ስሟን የመዘገበ ቢገኝ ኖሮ፥ ዛሬ በገበያው ውስጥ ሸማች ወይም ሻጭ በሆነች፥ የልጇም እጅ በበትሩ ፈንታ ደብተር በያዘ ነበር።